መልስ፦ ስለ ሰውነቷ ከምትጨነቅ ልጄ ጋር ምን ፊልም ልይ?

እህቴ፣ የ14 ዓመት ልጅሽ መስታወት ፊት ቆማ «ወፍሬያለሁ» እያለች እንዳስቸገረችሽ ጽፈሽ፣ አብራችሁ የምታዩት ዘጋቢ ፊልም ጠይቀሻል። እኔ «ኢምብሬስ» የሚባለውን እመርጣለሁ። የሠራችው አውስትራሊያዊቷ ታሪን ብረምፊት ናት፤ የወጣው በ2016 እ.ኤ.አ. ነው።

ነገሩ የጀመረው ብረምፊት በለጠፈቻቸው ሁለት የራሷ ፎቶዎች ነው። «በፊት» የሚለው ላይ ለሰውነት ቅርጽ ውድድር ተዘጋጅታ፣ ሸንቀጥ ብላ ቆማለች። «በኋላ» የሚለው ላይ ደግሞ የሦስት ልጆች እናት ሆና፣ ሞላ ብላ፣ ራቁቷን ተቀምጣ ፈገግ ትላለች። እኛ የለመድነው ተገላቢጦሹን አይደል? ፎቶው በ2013 እ.ኤ.አ. ዓለምን አዳረሰ። እሷም ሴቶች ስለ ሰውነታቸው ምን እንደሚሰማቸው ለመጠየቅ ካሜራ አስይዛ አገር ላገር ዞረች። ካነጋገረቻቸው ሁሉ የያዘችኝ ቱሪያ ፒት ናት። በሩጫ ውድድር ላይ ሰደድ እሳት ደርሶባት አብዛኛው ሰውነቷ የተቃጠለ ሴት ናት። እሷ ስታወራ ዝም ብለሽ ትሰሚያለሽ።

አንዳንድ ቦታ ስብከት ይበዛበታል፣ አልዋሽሽም። እርቃንም ስላለው መጀመሪያ ብቻሽን እዪው። ካልተመቸሽ ይቺው ብረምፊት በ2022 እ.ኤ.አ. ለልጆች የሠራችው «ኢምብሬስ ኪድስ» አለልሽ።

ደግሞ ዘመድ ሲመጣ «ወፍረሻል፣ ከስተሻል» የሚለውን ሰላምታ ቤት ውስጥ አስቁሚ። በፍቅር ነው የሚባለው፣ ግን ልጅቷ እንደዚያ አትሰማውም። ምግብ መዝለል ከጀመረች ግን ፊልሙን ተዪውና ሐኪም ጋ ውሰጃት።