ኦቨርሎድ ፎርም ለምትሞሉ ልጆች

ባለፈው ድሬ፣ ከዚራ ዛፎቹ ጥላ ስር ቡና እየጠጣን የእህቴ ልጅ "ጋሼ በዚህ ሴሚስተር ሰባት ኮርስ ልወስድ ነው፣ ኦቨርሎዱን፣ ከመደበኛው በላይ ኮርስ መውሰጃ ፎርሙን ሞልቻለሁ፣ አድቫይዘሬ ይፈርምልኛል" አለኝ። ለምን ስለው ቶሎ ልገላገል ነው መልሱ።

እኔ እንግዲህ ዕድሜዬን በሒሳብ ሥራ የጨረስኩ ሰው ነኝ፣ ሶፍት ስቤ ጻፍኩለት። ስድስት ባለ 3 ክሬዲት ኮርስ ወስደህ ሁሉንም ቢ (ለአንድ ክሬዲት 3 ነጥብ) ብታመጣ በ18 ክሬዲት 54 ነጥብ፣ አማካይ ውጤትህ (ጂፒኤህ) 3.00። ሰባት ወስደህ ጊዜ አጥሮህ አራቱ ቢ ሦስቱ ሲ (2 ነጥብ) ቢሆኑስ? ነጥቡ ያው 54 ነው፣ ግን አሁን ለ21 ነው የሚካፈለው፣ 2.57 ይሆናል። አንድ ኮርስ ሙሉ ደክመህ አንዲት ነጥብ አልጨመርክም ማለት ነው አቦ!

ብዙ ልጅ የሚሸወደው ክሬዲት ማለት ክላስ የምንቀመጥባት ሰዓት ስለሚመስለው ነው። ኢሲቲኤሱን፣ የኮርሱ ጠቅላላ ሥራ የሚለካበትን እዩት እስቲ፣ አንዱ 27 ሰዓት ነው፣ ላይብረሪውም አሳይመንቱም ላቦራቶሪውም ተቆጥሮ፣ እና ለሴሚስተር 30 ሲባል 810 ሰዓት ማለት ነው፣ በ16 ሳምንት ስታካፍሉት በሳምንት 50 ያልፋል። ባለ 5 ኢሲቲኤስ አንድ ኮርስ ስትጨምሩ 59 ገባ። ይሄ ደሞ በድሬ ግንቦት፣ ከሰዓት ዶርም ውስጥ ፍራሹ ራሱ በሚያቃጥልበት ወር (የበርጫውን ሰዓት አላነሳሁም፣ እሱን ተዉት)።

እኔም በጊዜዬ አድርጌዋለሁ። ሦስተኛ ዓመት ላይ አድቫይዘሬ ግሬዴን ቀና ብሎ እንኳ ሳያይ ፈረመልኝ፣ ዶርም ገብቼ ጉራዬን ነዛሁ። የጨመርኳትን ኮርስ ኤ አመጣሁ፣ ኮስት አካውንቲንግ አንድ ላይ ግን ኤፍ ተለጠፈብኝ። ኮስት አንድ ካልታለፈ ኮስት ሁለት አይወሰድም፣ ኮርሱ የሚሰጠው ደሞ በዓመት አንዴ ነበር፣ እና ቶሎ ልጨርስ ያልኩት ሰውዬ የባቼ ልጆች ጋውን ለብሰው ፎቶ ሲነሱ ካሜራ ያዥ ሆኜ ቀረሁ።

መጨመር ሀራም ነው አላልኩም። የመጨረሻ ሴሚስተር ላይ ሆናችሁ አንዲት ኮርስ ብቻ ከቀረቻችሁ፣ ወይ የወደቃችሁበት ኮርስ ለሌላው ፕሪሪኩዚት ሆኖ መንገድ ከዘጋባችሁ፣ ጠይቁ፣ ውሰዱ። ግን ላቦራቶሪ ያለው ኮርስ ላይ ሌላ ላቦራቶሪ ያለው አትደርቡ። ከከበዳችሁም አድ ድሮፑ (ኮርስ መጨመሪያና መጣያ ጊዜው) ሳይዘጋ ጣሉት፣ ከዛ በኋላ ዊዝድሮው (ኮርሱን ማቋረጥ) ነው፣ ትራንስክሪፕት ላይ ይቀመጣል። ደሞ ከ2015 ወዲህ የመውጫ ፈተና አለ፣ 50 ካልመጣ ዲግሪው አይሰጥም፣ ስትሮጡ የዘለላችሁት ቻፕተር እዛ ይጠብቃችኋል።

ልጁን ከሰባቱ አንዱን ጣል ብትባል የቱን ትጥላለህ አልኩት። ቆይቶ ሁለት ኮርስ ላይ ምልክት አደረገ። አድ ድሮፑ ሊዘጋ አራት ቀን ቀርቶታል፣ ሶፍቱን አጥፎ ኪሱ ከቶ ሄደ።