ልጄ «አባዬ፣ አደን እንውጣ» አለችኝ

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከሐዋሳ ነው። 67 ዓመቴ ነው። 26 ዓመት ሰንቀሌ የቆርኬዎች መጠለያ ውስጥ ስካውት ሆኜ ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። ትልቋ ልጄ አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ነው የምትኖረው። ነርስ ናት። ዘንድሮ ቪዛ ተሳክቶልኝ በመስከረም መጨረሻ ልጠይቃት ልሄድ ነው። ባለፈው ደውላ «አባዬ፣ የአደን ፈቃድ ዕጣ ወጥቶልኛል፤ በጥቅምት መጨረሻ አብረን ተራራ ወጥተን ሙል ዲር የሚባል አጋዘን እናድናለን» አለችኝ። ደነገጥኩ። ዕድሜዬን ሙሉ እንስሳ እንዳይገደል ስለፋ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ሌሊት ዝናብ እየደበደበኝ አዳኝ ስከታተል ነው ያረጀሁት። ይህን እያወቀች እንዴት እንዲህ ትለኛለች ብዬ ሦስት ቀን ስልኳን አላነሳሁም። ትንሽ ሳለች «አባዬ፣ ይዘኸኝ ሂድ» እያለች ታለቅስ ነበር። ሥራ ነው እያልኩ ትቻት እወጣለሁ። አንድ ቀን እንኳ አልወሰድኳትም። አሁን እምቢ ብላት ይከፋታል፤ እሺ ብላት ከራሴ ጋር እጣላለሁ። ምን ይሻለኛል? ባለቤቴም ጠይቅልኝ ያለችው አለ፦ የዚህ እንስሳ ሥጋ ለእኛ ይበላል ወይ? ጾሙስ?

መልስ፦

ጋሼ፣ ከሁሉ በፊት ስልኩን ያንሱላት። ገና ካልወሰኑ «እያሰብኩበት ነው» ይበሏትና ስለ ሌላ ነገር ያውሩ። አባቷ ሦስት ቀን ስልክ ያላነሳላት ልጅ፣ ያውም ባሕር ማዶ ያለች ነርስ፣ በሐሳቧ የሚመጣው አደኑ አይደለም፤ ሆስፒታል ነው።

ምክሬን ቀድሜ ልናገር። ይሂዱ። ጠመንጃ ግን አይንኩ። ሁለቱንም አስረዳለሁ።

ደብዳቤዎን ሁለቴ አነበብኩት። ልቤ የቀረው «አንድ ቀን እንኳ አልወሰድኳትም» ያሉት ላይ ነው። ይህቺ ልጅ አባቷ ጎህ ሳይቀድ ጫማውን አስሮ ሲወጣ እያየች ነው ያደገችው። እዚያ ምን እንደሚያደርግ አታውቅም። የምታውቀው ማታ ጭቃና ጭስ ይዞ እንደሚመለስ ነው። ዛሬ መኪና፣ ድንኳንና ካርታ ያላት ትልቅ ሰው ሆና ያኔ የለመነችውን መልሳ ለእርስዎ እያቀረበች ነው። ጥበቃ ሥራዎን ንቃ ቢሆን ለምን እርስዎን ትጠራለች? ጓደኛ አታጣም። ከምታውቃቸው ሰዎች ሁሉ ዱካ አይቶ «ይሄ ጠዋት ያለፈ ነው» የሚል አንድ ሰው ቢኖር አባቷ ነው።

ወደ ሕሊናዎ ጥያቄ ልምጣ፤ ቀላል አድርጌ ላልፈው አልፈልግም። እርስዎ የጠበቁት ቆርኬ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ አንዲት እናት ስትገደል ይጎዳል። ሙል ዲር ግን ከካናዳ አንስቶ እስከ ሜክሲኮ ድረስ ያለ እንስሳ ነው። ኮሎራዶ ውስጥ የአጋዘን አደን ፈቃድ ሁሉ በቁጥር የተወሰነ ነው። አገሩ በክልል በክልል ተከፍሎ፣ እንስሳው ተቆጥሮ፣ በየክልሉ ስንት ሊታደን እንደሚችል ተወስኖ ነው ዕጣ የሚወጣው። ማመልከቻው ገና በፈረንጆቹ አፕሪል መጀመሪያ ይዘጋል። ልጅዎ ይህን ሁሉ ወራት ጠብቃለች ማለት ነው። አንድ ፈቃድ አንድ እንስሳ ነው፤ ወንድ ከተባለ ወንድ፣ ሴት ከተባለ ሴት። ከተገደለ በኋላ የፈቃዱ ወረቀት ሥጋው ላይ ይታሰራል፤ ጾታው የሚለይበት ምልክትም ከሥጋው ሳይነጠል መቆየት አለበት። የሚበላ ሥጋ ጥሎ መሄድ ወንጀል ነው። መሸጥም አይቻልም። እዚያም እንደ እርስዎ ያለ ሰው አለ፦ መንገድ ላይ አስቁሞ ፈቃድ የሚጠይቅ፣ የሚፈትሽ፣ የሚከስ። የጠመንጃና የጥይት ገዢ ደግሞ ሳያውቀው ግብር ይከፍላል። አሜሪካኖች በፈረንጆቹ 1937 ባወጡት ሕግ ከረጅም ጠመንጃና ከጥይት ዋጋ ላይ 11 በመቶ ይነሳና ለዱር እንስሳት ጥበቃ ይውላል። ሰንቀሌ ላይ የሆነ ሰው ደመወዝና ጫማ እንዲህ ባለ መንገድ ቢመጣ ኖሮ ብለው ሲያስቡ ይታየኛል።

ይህን ሁሉ ሰምተውም ሆድዎ እንስሳ ሲወድቅ ማየትን እምቢ ሊል ይችላል። ይህን ለልጅዎ በግልጽ ይንገሯት። «አብሬሽ እሄዳለሁ፣ ዱካ አያለሁ፣ ሥጋውን እሸከማለሁ፤ ስትተኩሺ ግን ፊቴን ላዞር እችላለሁ» ማለት ነውር የለውም።

አሁን ስለ ጠመንጃው። ይህን በደንብ ያንብቡልኝ፤ ልጅዎም ላታውቀው ትችላለች። በጉብኝት ቪዛ የገባ የውጭ ሰው በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ጠመንጃም ጥይትም መያዝ አይችልም። ነጻ የሚያወጣው ነገር በስሙ የወጣ፣ ጊዜው ያላለፈ የአደን ፈቃድ ነው። እርስዎ ደግሞ ፈቃድ የለዎትም። ፈቃዱ የእሷ ነው፤ በእሷ ፈቃድ እርስዎ መተኮስም ሕገወጥ ነው። ስለዚህ «አባዬ፣ እስኪ ይቺን አንዴ ያዝልኝ» ብትልዎ እንኳ አይያዙ። አጥር ስትሻገር ጥይቱን አውጥታ ራሷ መሬት ላይ ታስቀምጠው፣ ከተሻገረች በኋላ ራሷ ታንሳው። ያለ መሣሪያ አብሮ መሄድ፣ ማየትና መሸከም ግን ይቻላል። ሌላ ዓመት በራስዎ ፈቃድ መውጣት ቢፈልጉ የአደን ትምህርት ወስደው መፈተን ይኖርብዎታል፤ ከ1949 ወዲህ በፈረንጆች አቆጣጠር የተወለደ ሁሉ ግዴታው ነው። ለነዋሪ ያልሆነ ሰው ደግሞ ፈቃዱ ከ400 ዶላር በላይ ነው።

እንስሳውን ግን ይወዱታል፤ እርግጠኛ ነኝ። ሙል ማለት በቅሎ ነው፤ ስሙን ያገኘው ከጆሮው ነው። ሁለቱም ጆሮዎች ትልልቅ ናቸው፣ አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ ለየብቻ ይዞራሉ። እኛ አገር አጋዘን የምንለው ቀንዱ የተጠማዘዘውን ስለሆነ ስሙ አያሳስትዎት፤ ይኸኛው ከዚያ ዘር አይደለም። ቀንዱ ቅርንጫፍ አለው፦ ለሁለት ይከፈላል፣ ሁለቱም እንደገና ለሁለት ይከፈላሉ። ደግሞ ብርዱ ሊያልፍ ሲል ይወድቅና ከዚያ አዲስ ይበቅላል። የቆርኬ ቀንድ አንዴ ከበቀለ ከነፍሱ ጋር ነው የሚሄደው፤ ይኼ በየዓመቱ ይቀይራል። ሲደነግጥ አይሮጥም ማለት ይቻላል፣ ይነጥራል፤ አራቱንም እግር ባንዴ አንስቶ ባንዴ ያሳርፋል፣ ቁልቁለቱን ድንጋዩን ሳይል። ከዚያ ትንሽ ርቆ ብዙ ጊዜ ይቆምና ዞር ብሎ ያያል። አዳኞች የሚጠብቁትም ያቺን ቅጽበት ነው።

የሚበላው ጎህ ሲቀድና ሊመሽ ሲል ነው፤ ቀን ላይ ጥላ ይዞ ይተኛል። ስለዚህ የቀኑ አብዛኛው ክፍል ቁጭ ብሎ በባይኖኩላር ተራራውን ጥግ በጥግ ማየት ነው። መተኮስ የሚፈቀደው ፀሐይ ከመውጣቷ ግማሽ ሰዓት በፊት ጀምሮ ከጠለቀች ግማሽ ሰዓት በኋላ ድረስ ነው። ነፋሱ ከእናንተ ወደ እሱ ከነፈሰ አለቀ፣ አታዩትም። ይህን ለእርስዎ መንገር ድፍረት ይሆንብኛል፤ የሰንቀሌን ሜዳ 26 ዓመት የረገጠ ሰው አፈር በጣቱ በትኖ ነፋስ ማየት አይጠፋውም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ከራሴ። እኔም ከዓመታት በፊት ወንዱን ልጄን ተከትዬ እዚያው ኮሎራዶ ወጥቻለሁ። እሱ ፈቃድ ነበረው፤ እኔ ልብስና ስንቅ ተሸካሚ ነበርኩ። በሦስተኛው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ገደማ አንድ ወንድ መታ። ተኩሱ አንድ ጊዜ ነው። ሥራው ከዚያ በኋላ ነው የጀመረው። ሆድ ዕቃው ቶሎ መውጣት አለበት፣ ሥጋው ቶሎ መቀዝቀዝ አለበት፤ ከዚያ ተቆራርጦ በጀርባ ይወጣል። ሁለት ጊዜ ተመላለስን፤ መኪናው ጋ የመጨረሻውን ስናደርስ እኩለ ሌሊት ሊሆን ነው። እኔ የከተማ ጫማ አድርጌ ነበር የወጣሁት። የሁለት ጣቶቼ ጥፍር ጠቁሮ ወደቀ። እሱን ረስቼዋለሁ። ያልረሳሁት ልጄ ቢላውን ይዞ «ባትሪውን ወደዚህ፣ ትንሽ ዝቅ» እያለ ሲያዘኝ ነው። ማንበብ ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ ያን ሌሊት ግን መምህሩ እሱ ነበር። መጀመሪያ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ «እንዲህ አይሻልም?» ብዬዋለሁ። ዝም አለ። ባልኩት አልኮራም።

ጋሼ፣ እርስዎ ከእኔ በጣም የበለጠ ያውቃሉ፤ ስለዚህ ፈተናዎ ከእኔ ይብሳል። እሷ በግራ በኩል እንውጣ ስትል እርስዎ በቀኝ የተሻለ መንገድ ታይቶዎት ይሆናል። ካልጠየቀችዎ ይተዉት። ከጠየቀችዎ ያወቁትን ሁሉ ይንገሯት፣ ሳይቆጥቡ። መተኮስ አለመተኮሱም የእሷ ውሳኔ ይሁን። «በይ እንጂ» አይበሏት፤ «ተዪው»ም አይበሏት።

ስለ ጤናዎ። ዴንቨር 1,609 ሜትር ላይ ነው፤ ሐዋሳ ወደ 1,700 ሜትር ስለሆነች ከተማው ውስጥ ችግር የለም። ተራራው ግን 2,500 እና 3,000 ሜትር ሊደርስ ይችላል፣ በጥቅምት መጨረሻ ደግሞ በረዶ ይጥላል። ከአሁኑ ጀምረው በሳምንት ሦስት አራት ቀን ጠዋት ታቦር ተራራን ይውጡ፤ የሚወጡበት ጫማ ያው ለአደኑ የሚያደርጉት ይሁን፣ እግርዎን ይልመደው። የደም ግፊት ወይም ሌላ መድኃኒት ካለ ሳይሄዱ ሐኪምዎን ያማክሩ። የጥጥ ልብስ ከላብ ጋር ሲረጥብ ያቀዘቅዛል፤ ከውስጥ ሱፍ ይልበሱ። በጠመንጃ ወቅት አዳኝ ሁሉ ከወገብ በላይ የሚያበራ ብርቱካናማ ወይም ሮዝ ልብስና ኮፍያ እንዲያደርግ ሕጉ ያስገድዳል። እርስዎ ባይተኩሱም ይልበሱት፤ ከሩቅ ላለ አዳኝ ሰው መሆንዎን የሚነግረው እሱ ነው። ሁልጊዜ ከጎኗ ወይም ከኋላዋ ይሁኑ፤ ከአፈሙዙ ፊት በጭራሽ። የጆሮ መድፈኛም ይያዙ።

አሁን ለእትዬ። ሙል ዲር ያመሰኳል፣ ሰኮናውም ስንጥቅ ነው፤ ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 14 ላይ የሚበሉት ሲዘረዘሩ ዋላና ሚዳቋ አሉበት። ዘሌዋውያን 17፥13 ላይ ደግሞ የሚበላ አውሬ ያደነ ሰው ደሙን አፍስሶ በአፈር እንዲከድነው ይላል። በጥይት የወደቀውን እንዴት ማድረግ እንደሚገባ ግን የንስሐ አባታችሁን ቀድማችሁ ጠይቁ፤ የእሳቸው ቃል ከእኔ ይበልጣል። ስለ ጾሙ፣ ጥቅምት መጨረሻ የጽጌ ጾም ላይ ነው፤ እሱ በፈቃድ የሚጾም ነው። እንደ ልማዳችሁ ይሁን። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባል። ሥጋው በፍሪዘር ተቀምጦ ለገና ይደርሳል፣ ምንም አይሆንም።

አንድ ነገር ግን አደራ፦ ጥሬውን አትብሉ። ክትፎ፣ ጥሬ ሥጋ፣ ለብለብ የሚባል ነገር አይታሰብ፤ የዱር ሥጋ ጥገኛ ተሕዋስያን ሊኖሩት ስለሚችል እስከ ውስጡ ይብሰል። በተጨማሪ አጋዘኖችን እያመነመነ የሚገድል በሽታ አለ፤ መጀመሪያ የታየው በፈረንጆቹ 1967 እዚያው ኮሎራዶ ውስጥ ነው። እስካሁን ሰው ላይ መተላለፉ አልተረጋገጠም፤ ግን ማብሰል አያጠፋውም። ስለዚህ ልጅዎ የእንስሳውን ጭንቅላት ለምርመራ ታስረክብ፤ ውጤቱ ሳይመጣ አትብሉ፣ በሽታው ከተገኘበት ጭራሽ አትብሉ። ሲቆራረጥ ጓንት ይደረግ፤ አንጎሉና አከርካሪው አይነካ። ሥጋው ስብ የለውም፣ ቶሎ ይደርቃል። በቅቤና በብዙ ሽንኩርት ቀስ ብሎ የበሰለ ወጥ ይስማማዋል።

ስልኩን ሲያነሱ «እሺ» ብቻ አይበሏት። ለምን ሦስት ቀን ዝም እንዳሉ ይንገሯት። ያኔ ለምን እንዳልወሰዷትም፤ ሥራው አደገኛ ስለነበር ይሁን ሌላ፣ እውነቱን። ከዚያ ከሥራዋ እረፍት ወስዳ አገር ቤት የምትመጣው መቼ እንደሆነ ይጠይቋት። ጥር ላይ ከሆነ ሣሩ ደርቆ አጥሮ ይሆናል፤ ከሐዋሳ በሻሸመኔና በአጄ በኩል ሰንቀሌ ሩቅ አይደለም። ቆርኬዎቹን ለማየት ስንት ሰዓት ላይ መድረስ እንዳለባችሁ እርስዎ ያውቃሉ።