ጥያቄና መልስ፦ የወርልድ ሲሪስ ኦፍ ፖከር የመጀመሪያ ዓመታትና አከራካሪ ታሪኮቻቸው

ወርልድ ሲሪስ ኦፍ ፖከር በላስ ቬጋስ በየዓመቱ የሚካሄድ የፖከር፣ ማለትም በካርታ የሚጫወቱት ቁማር፣ ውድድር ነው። ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ጥያቄ፦ በ1970 ጆኒ ሞስ ማንን አሸንፎ ሻምፒዮን ሆነ?

መልስ፦ የፍጻሜ ጨዋታ አልነበረም። በላስ ቬጋስ ቢኒየንስ ሆርስሹ ካዚኖ የተሰበሰቡት ቁማርተኞች በገንዘብ ሲጫወቱ ሰንብተው፣ ከመካከላቸው የሚበልጠውን በድምፅ መረጡ፤ ሞስም የብር ዋንጫ ተሸለመ። በመጀመሪያው ዙር ሁሉም ራሱን መረጠ የሚለውን ወሬ እንደ ቀልድ ቢያዩት ይሻላል።

ጥያቄ፦ በ1971 በዋናው ውድድር ስንት ሰው ተካፈለ? አንዳንዱ 6፣ አንዳንዱ 7 ይላል።

መልስ፦ 6 ነው። በእነዚያ ዓመታት አሸናፊው ሙሉውን ገንዘብ ይወስድ ስለነበር ሽልማቱን ለመግቢያው ክፍያ ማካፈል ብዙ ክርክር ይቋጫል፤ የዚያ ዓመት መግቢያ 5,000 ዶላር፣ የሞስ ሽልማት ደግሞ 30,000 ዶላር ነበር። መግቢያው 10,000 ዶላር ከሆነ በኋላም፣ በ1973 ፓጊ ፒርሰን የወሰደው 130,000 ዶላር ከ13 ተወዳዳሪዎች፣ በ1976 ዶይል ብራንሰን የወሰደው 220,000 ዶላር ከ22 ተወዳዳሪዎች የተሰበሰበ ነው። ይህ ስሌት ግን ከ1978 ወዲህ አይሠራም፤ ያን ዓመት 42 ሰዎች ተወዳድረው ሽልማቱ ለብዙዎች ስለተከፋፈለ፣ ቦቢ ባልድዊን የወሰደው ከጠቅላላው ግማሹን፣ 210,000 ዶላር ብቻ ነው። ስሌቱን ሳያስተውሉ ወደዚያ ዓመት የሚያሻግሩት 21 ተወዳዳሪ ነበር ወደሚል ስሕተት ይደርሳሉ።

ጥያቄ፦ በ1972 ብራንሰን በእርግጥ ታሞ ነው ጨዋታውን ያቋረጠው? እርስዎ የትኛውን ያምናሉ?

መልስ፦ በወቅቱ የተሰጠው ምክንያት ሕመም ነበር፤ ብራንሰን ራሱ ግን ከሻምፒዮንነቱ ጋር የሚመጣውን ዝና ስላልፈለገው እንደወጣ በኋላ ተናግሯል። አማሪሎ ስሊም ፕሬስተን ዝናውን ይሻው ስለነበር አሸናፊነቱ ለእርሱ ሆነ። ተራኪው ራሱን ሊያስመሰግን ሳይሆን ሊያስወቅሰው የሚችል ነገር ሲናገር ቃሉ ይበልጥ የሚታመን ስለሆነ፣ እኔ የኋለኛውን እቀበላለሁ።

ጥያቄ፦ ሞስና ሌላው ቁማርተኛ ኒክ ዳንዳሎስ በ1949 በሆርስሹ ለወራት ተጫወቱ የሚለውስ?

መልስ፦ ቤኒ ቢኒየን ሆርስሹን የከፈተው በ1951 ነውና በዚያ ዓመት በዚያ ቤት ሊሆን አይችልም። ዓመቱን ወደ 1951 የሚያርሙትም ቢሆኑ፣ ታሪኩ በአመዛኙ ከሞስና ከቢኒየን ቤት የወጣ መሆኑን ሊዘነጉ አይገባም።

ጥያቄ፦ የ1970 ሻምፒዮን የወርቅ አምባር ተሰጥቶታል?

መልስ፦ አልተሰጠውም። አምባር መሸለም የተጀመረው በ1976 ነው፤ ከዚያ በፊት የተገኙት ድሎች በአምባር የሚቆጠሩት ወደ ኋላ ተመልሶ ነው።