«ሽሮ ከሆነ አልበላም!» የገበታ ጭቅጭቅ ጥያቄና መልስ

ነርስ ነኝ፤ የሁለት ጎረምሶች እናትም ነኝ። ከላካችሁልኝ ጥያቄዎች አራቱን እነሆ።

ጥያቄ፦ የ14 ዓመት ልጄ ሽሮ ሲያይ ፊቱን ያዞራል። ኢንዶሚ ካልተሠራለት ጾሙን ያድራል። ለየብቻ መሥራት ሰለቸኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ ሁለት ድስት መጣዱን ተዪው። ለቤቱ የተሠራው ይቅረብ። ከጎኑ ግን እሱ የሚወደው አንድ ነገር አይጥፋ፤ ድንችም ይሁን ሰላጣ። ኤለን ሳተር የምትባል አሜሪካዊት የሥነ ምግብ ባለሙያ ኃላፊነቱን ለሁለት ትከፍለዋለች፦ ምን፣ መቼና የት እንደሚበላ ወላጅ ይወስናል፤ መብላት አለመብላቱንና መጠኑን ልጁ። እኔን የረዳኝ ይሄ ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ከባድ ነበር። ልጄ የእንጀራውን ጠርዝ ጠርዝ እየቆረሰ፣ ወጡን ሳይነካ ይነሳል። አንጀቴ እያረረ ዝም አልኩ። አንድ ማታ «ቃሪያ የለም እንዴ?» አለኝ። ራሱ ሰንጎ አመጣና ሽሮውን በላ።

ጥያቄ፦ ልጃችን ገበታ ላይ ስልኩን አይለቅም፤ አባቱ ይጮህበታል።

መልስ፦ የአባትየው ስልክስ የት ነው? የሁላችሁም ከገበታው ይራቅ።

ጥያቄ፦ የ16 ዓመት ልጄ ሥጋ ተወች። ቶሎ ቶሎ ይደክማታል።

መልስ፦ መጀመሪያ የደም ምርመራ አስደርጊላት። በዚህ ዕድሜ ሴት ልጅ በቀን 15 ሚሊግራም አይረን (ደም ለመሥራት የሚያስፈልገው የብረት ማዕድን) ያስፈልጋታል፤ ወንዱ 11 ይበቃዋል። ልዩነቱ የወር አበባ ነው። ምስርና ሽምብራ ትብላ፤ ሰላጣዋ ላይ ሎሚ ጭመቂበት፤ አይረኑ ወደ ሰውነቷ እንዲገባ ያግዛል። ሻይና ቡና ግን ያግዱታል፤ ከምግብ አንድ ሁለት ሰዓት ይራቁ። ስለ ሥጋው አትጨቅጭቂያት። ነገር ግን ክብደቷ ከቀነሰ፣ የወር አበባዋ ከቀረ፣ በልታ ስትነሳ ሽንት ቤት ገብታ የምትቆይ ከሆነ፣ ይሄ ምግብ መምረጥ ሳይሆን የአመጋገብ ሕመም ሊሆን ይችላል። ሳትቆጪያት፣ ሳትውይ ሳታድሪ ሐኪም ዘንድ ውሰጃት።

ጥያቄ፦ አያት ነኝ። የልጅ ልጄ ጉርሻዬን እምቢ አለኝ። ሆድ ባሰኝ።

መልስ፦ እማማ፣ ንቆዎት አይመስለኝም። በጉርምስና ዕድሜ ሰው ፊት መጉረስ ያሳፍራቸዋል። «ላጉርስህ?» ብለው ይጠይቁት፤ እምቢ ካለም አይቀየሙት። ቡና ሲፈላ አጠገብዎ ያስቀምጡትና ቆሎ በእፍኙ ይስጡት። የኔ ትልቁ ልጅ ከእናቴ ጉርሻ አይቀበልም። ቆሎዋን ግን እስኪያልቅ ከጎኗ አይነሳም።