መልስ፦ የቅርንጫፍ ራውተርና ስዊቾችን ፈርምዌር በእጅ ስለማሻሻል

የጠየቁት የአንድ ቅርንጫፍ ቢሮን ራውተር (ቢሮውን ከውጭው ኔትወርክ የሚያገናኘው መሣሪያ) እና ስዊቾች (የቢሮውን መሣሪያዎች እርስ በርስ የሚያገናኙት) ፈርምዌር፣ ማለትም የሚሠሩበትን ውስጣዊ ሶፍትዌር፣ ከርቀት ሆነው በእጅ ሲያሻሽሉ ከየትኛው መጀመር እንደሚሻል ነው። እኔ የምጀምረው ከራውተሩ ርቀው መጨረሻ ላይ ካሉት ስዊቾች ነው፤ ራውተሩ ቀድሞ ተሻሽሎ ሳይነሳ ቢቀር፣ ከኋላው ወዳሉት መሣሪያዎች ሁሉ የሚያደርስዎ መንገድ አብሮ ይዘጋልና።

ከዚያ በፊት ኮንፊገሬሽኑን (የመሣሪያውን ቅንብር) ቀድተው ከመሣሪያው ውጭ ያስቀምጡ፤ የአምራቹንም የስሪት መግለጫ ያንብቡ፤ አንዳንድ መሣሪያዎች ከአሮጌው ስሪት በቀጥታ ወደ አዲሱ መዝለል ስለማይችሉ መካከለኛ ስሪት ይፈልጋሉ። የፈርምዌሩን ፋይል ለመላክ ኤስሲፒ (SCP፣ ፋይልን አመሥጥሮ የሚልክ ዘዴ) ካለ እርሱን ይምረጡ፤ ቲኤፍቲፒ (TFTP) የሚባለው ቀላል የፋይል መላኪያ ዘዴ በተለመደው አሠራሩ 512 ባይት ብቻ ልኮ ማረጋገጫ ስለሚጠብቅ በሩቅ መስመር ላይ እጅግ ይንቀረፈፋል። ፋይሉ ከደረሰ በኋላ፣ መሣሪያውን ዳግም ከማስነሳትዎ በፊት፣ የኤስኤችኤ-256 ውጤቱን (SHA-256፣ ፋይሉ ሳይበላሽ መድረሱን የሚያሳይ ከይዘቱ የሚሰላ ኮድ) አምራቹ ካወጣው ጋር ያመሳክሩ። በመሣሪያው ማከማቻ ላይ ቦታ ካለ አሮጌውን ፋይል አያጥፉት።

የኮንሶል ገመድ (ኔትወርኩ ቢቋረጥም መሣሪያውን በቀጥታ ለማዘዝ የሚያገለግል ገመድ) የሚሰካ ሰው በቦታው ሳይኖር ራውተር ዳግም ማስነሳትን ግን አልመክርም (እኔ አንዴ ደፍሬ ሌሊቱን በመንገድ አሳልፌአለሁ)። ከስዊቹ ኃይል የሚያገኙ ስልኮችና ካሜራዎችም አብረው ስለሚጠፉ ለቢሮው አስቀድመው ያሳውቁ።