አይቧን ያዳነች፣ የቢላዋዋን ስም ያስነጠቀች ከተማ

ልጆች፣ እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት በንግድ ምልክትና በአእምሯዊ ንብረት ሕግ ሥራ ላይ ነው። ብዙዎቻችሁ "የአገሬን ማር፣ የሰፈሬን ሽመና ብራንድ አድርጌ ልሽጥ፣ ምን ይመክሩኛል?" ትሉኛላችሁ። ደስ ይለኛል። ግን ስለ ሎጎና ስለ ፌስቡክ ገጽ ከማውራታችን በፊት ስለ አንዲት የፈረንሳይ ገጠር ከተማ ልንገራችሁ። ላዮል ትባላለች። ዓመቶቹንና ወሮቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጽፋለሁ።

ላዮል ደቡብ ፈረንሳይ ውስጥ፣ ኦብራክ በሚባል አምባ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። አምባው አቬሮን፣ ካንታልና ሎዜር የሚባሉት ሦስት ክፍለ ሀገሮች የሚገናኙበት ነው። ከሥሩ ግራናይት፣ ከላዩ እሳተ ገሞራ ከሚሊዮኖች ዓመታት በፊት ያፈሰሰው ጥቁር ባዛልት። ከተማዋ ያለችው 1,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ለእኛ 1,000 ሜትር ቆላ ነው፤ እዚያ ግን በብርዱ ወራት በረዶው መንገድ ይዘጋል፣ ጉሙም ሲወርድ ሰው አቅጣጫ ይጠፋበታል። ለዚህ ነው በ12ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ገደማ አዳላር የሚባል የፍላንደርስ ባላባት፣ ወደ ስፔን ሳንቲያጎ ለሚሄዱ ተሳላሚዎች ኦብራክ መንደር ላይ ማረፊያና ሆስፒታል ያቋቋመው። በጉም ጊዜ የጠፋ መንገደኛ እንዲሰማ ደወል ይደወል ነበር። መነኮሳቱም ጫካውን እየመነጠሩ ግጦሽ አደረጉት።

እህል ብዙም አይሆንለትም፣ ሀብቱ ሳር ነው። ከብቶቹ በግንቦት መጨረሻ፣ በቅዱስ ኡርባን በዓል ሰሞን፣ አበባና ቃጭል ተደርጎላቸው ወደ ከፍተኛው ግጦሽ ይወጣሉ፤ በጥቅምት አጋማሽ ይመለሳሉ። ድሮ እረኞቹ እነዚያን ወራት በሙሉ ቡሮን በሚባሉ የድንጋይ ቤቶች ውስጥ እየኖሩ አይብ ይሠሩ ነበር። ፎርማጆ የምንለው ዓይነት፣ አንዱ ብቻ ከ40 ኪሎ በላይ ሊመዝን የሚችል ደረቅ አይብ።

ከዚያ ወጣቱ መሰደድ ጀመረ፣ በተለይ ወደ ፓሪስ። ከሰል ሸጡ፣ ውኃ ተሸከሙ፣ ቆይተው ካፌ ከፈቱ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ ቡሮኖቹ አንድ በአንድ ተዘጉ። አይቡ ሊጠፋ ጥቂት ነው የቀረው።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። በ1960 አንድሬ ቫላዲዬ የሚባል ወጣት ገበሬና ጓደኞቹ ዥን ሞንታኝ የተባለ የኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቋሙ። በማግስቱ ዓመት፣ በ1961፣ አይቡ በመንግሥት የተጠበቀ የመነሻ ቦታ ስም አገኘ። ከዚያ በኋላ ማንም እየተነሳ በዚያ ስም አይብ መሸጥ አልቻለም። ደንቡ ዛሬም ጥብቅ ነው፦ ወተቱ ያልፈላ፣ ከሁለት ዝርያዎች ብቻ፣ ከኦብራክና ከፈረንሳይ ሲመንታል፤ አይቡም ቢያንስ አራት ወር የበሰለ። እኛ አገር የወተት ንግሥት የሆነችው ሆልስታይን አትገባም። ብዙ ወተት ትሰጣለች፣ ግን ለዚያ አይብ አትሆንም አሉ፣ ጨክነውም አስወጧት። እኔ ይሄን ጭካኔ በጣም ነው የማከብረው። አዲሱን አይብ ከተፈጨ ድንች ጋር እያማሰሉ አሊጎ የሚባል ምግብም ይሠራሉ። የሚያወጣው ሰው የእንጨት ማንኪያውን ከድስቱ ከፍ ሲያደርግ አይቡ ሳይበጠስ ክንድ ሙሉ ይሳባል። አይቡ ለምን እንደተጠበቀ ሲበሉት ይገባል።

አሁን ወደ ቢላዋው እንምጣ። የላዮል ቢላዋ በ1829 ገደማ ፒዬር ዣን ካልሜል በሚባል አንጥረኛ ተጀመረ። ታጣፊ ነው። ቆየት ብሎ ወስፌ ተጨመረበት፣ ለምለም ሳር በልታ ሆዷ የተነፋባትን ላም ጎኗን ወግቶ ለማስተንፈሻ። ከብት ያረባ ሁሉ ይሄን ጭንቀት ያውቀዋል። ከዚያ ፓሪስ ካፌ ለገቡት ልጆች የቡሽ መክፈቻ ተጨመረለት። የእረኛውና የስደተኛው ሕይወት አንድ እጀታ ላይ ተሰበሰበ ማለት ነው።

ግን ሥራው ከላዮል ወጣ። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሠራተኛውን ጨረሰ፣ ቢላዋው በብዛት የሚሠራው ወደ ሰሜን ርቃ ባለችው የቢላዋ ከተማ በቲዬር ሆነ። የቲዬር ሰዎችን ሌባ አልላቸውም፣ ትውልድ ሙሉ በእጃቸው ሠርተውታል። በ1987 ላዮል ውስጥ ፊሊፕ ስታርክ የነደፈው፣ ጣሪያው ላይ ትልቅ ስለት የተተከለበት ፋብሪካ ተከፈተና ሥራው ወደ ቤቱ ተመለሰ። ስሙን ግን ያሰረው አልነበረም። በ1993 ከላዮል ጋር ምንም የማይገናኝ ነጋዴ ስሙን ለልብስ፣ ለቤት ዕቃ፣ ላልታሰበ ነገር ሁሉ አስመዘገበ። ከእስያ የመጣ ዕቃ በከተማዋ ስም ተቸበቸበ። በ2012 ከተማዋ ክሱን ስትሸነፍ ነዋሪዎቹ ተሰብስበው መግቢያው ላይ ያለውን የስም ሰሌዳ ነቀሉ። በ2016 ሰበር ሰሚው ፍርድ ቤት በከፊል አቃናላቸው፣ በ2019 የፓሪስ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ከ27 ምልክቶች 20ውን ሰረዘ። ስንት ዓመት እንደፈጀ ቁጠሩት።

አንድ ከተማ፣ አንድ ሕዝብ፣ ሁለት ውርስ። በእርግጥ በ1961 ሕጉ ቢላዋን አይጨምርም ነበር፤ ፈረንሳይ ለእጅ ሥራና ለፋብሪካ ምርት እንዲህ ያለ ጥበቃ የፈቀደችው በ2014 ነው። ግን ዋናው ልዩነት ሕጉ ብቻ አይመስለኝም። አይቡ ከላም፣ ከሳር፣ ከወርና ከሰው እጅ ጋር የሚያስረው የተጻፈ ደንብ ነበረው፣ ደንቡን የሚጠብቅ ማኅበርም ነበረው። ቢላዋው ዝና ብቻ ነበረው።

እኛም ቀምሰነዋል። ኢትዮጵያ በ2005 ይርጋጨፌን፣ ሐረርንና ሲዳሞን በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ስታመለክት የአሜሪካ ቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ፤ ከስታርባክስ ጋር ስምምነት የተደረሰው በ2007 ነው። በጤፍ ላይ አንድ የኔዘርላንድ ድርጅት የወሰደው ፓተንት በሄግ ፍርድ ቤት ውድቅ የተደረገው በ2018 ነው። ጤፍ ስንት ሺህ ዓመት በላን? ፓተንት ሰጪው ቢሮ ግን የሚያየው የተጻፈውን ነው።

እናም ወደ እኔ ወይም ወደ ሌላ ጠበቃ ከመምጣታችሁ በፊት፣ እባካችሁ፣ መጀመሪያ ከአምራቾቹ ጋር ተቀመጡ። ማሩ ከየትኛው አበባ ነው? በየትኛው ወር ይቆረጣል? ጥጡን ማን ፈተለው? ምን ሲደረግ "ይሄ የኛ አይደለም" ትላላችሁ? ይሄን የሚያውቁት እናቶችና አባቶች ናቸው። እነሱ የሌሉበት ምልክት የናንተ የግል ንግድ እንጂ የአካባቢው ውርስ አይደለም፣ እንዲያውም ነገ እናንተው ያ የ1993ቱ ነጋዴ ትሆናላችሁ። ማኅበር ከሌለ መሥርቱ። የንግድ ምልክት አዋጁ፣ ቁጥር 501/1998 (ይሄኛው ዓመት በኛ አቆጣጠር ነው)፣ የጋራ ምልክት ማስመዝገብ ይፈቅዳል። ደንቡን በሁለት ገጽ ጻፉ፣ ሁሉም ይፈርም፣ ከዚያ ይዛችሁ ኑ።