አማት ነው ወይስ ሽፍታ? «ኢን ሎው» እና «አውትሎው»፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ «ማዘር ኢን ሎው» እና «አውትሎው» ሁለቱም «ሎው» አለባቸው። ይዛመዳሉ?

መልስ፦ ይሄን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። «ሎው» ሕግ ነው፣ ግን ሕጉ ይለያያል። «ኢን ሎው» ላይ ያለው የቤተ ክርስቲያን የጋብቻ ሕግ ነው። ሚስት ስታገባ እህቷ እንደ እህትህ ትቆጠራለች፣ ልታገባት አትችልም። እንግሊዝ አገር የሟች ሚስትን እህት ማግባት የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1907 ነው! «አውትሎው» ደግሞ ከጥንት ስካንዲኔቪያውያን የመጣ ቃል ነው። ፍርድ ቤት ተጠርቶ የቀረ ሰው ከሕግ ጥላ ይወጣል፤ ንብረቱ ይወረሳል፣ በድሮው ዘመንማ ያገኘው ቢገድለውም አይጠየቅም ነበር። ይቅር ሲባል ወደ ሕግ መመለሱን የሚገልጸው የድሮ ግስ ምን መሰላችሁ? «ኢንሎው»! ከአማት ጋር ግን አይገናኝም። በእንግሊዝ ይህ ቅጣት ጨርሶ የቀረው እ.ኤ.አ. በ1938 ነው። ፎርም ስትሞሉ አደራ፣ «ኢን» እና «አውት» አታቀያይሩ።

ጥያቄ፦ ሽፍታ ማለት ነው በቃ?

መልስ፦ ይቀራረባል። ሽፍታ ራሱ ጫካ ይገባል፤ አውትሎውን ግን መጀመሪያ ያስወጣው ሕጉ ነው።

ጥያቄ፦ ሕገ ወጥ ዕቃስ አውትሎው ይባላል?

መልስ፦ አይባልም። ኢሊጋል ነው። አውትሎው ሰው ነው።

ጥያቄ፦ የእናቴ ባል «ፋዘር ኢን ሎው» ነው?

መልስ፦ የእንጀራ አባት «ስቴፕፋዘር» ነው። ድሮ እንግሊዞችም ይቀላቅሉት ነበር፣ ዛሬ ግን ፋዘር ኢን ሎው አማት ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ዋርሳስ?

መልስ፦ የባል ወንድም ከሆነ «ብራዘር ኢን ሎው»።

ሌላ አባል፦ እኛ አገር የወንድም ሚስትም ዋርሳ ናት።

ሌላ አባል፦ እኛ ጋ እሷ ምራት ናት እንጂ ዋርሳ አትባልም።

ሌላ አባል፦ ምራት የልጅ ሚስት አይደለችም እንዴ?

መልስ፦ እንግሊዝኛው ላይ እንቆይ እባካችሁ። የወንድም ሚስትም የባል እህትም «ሲስተር ኢን ሎው» ናቸው።

ጥያቄ፦ የአሜሪካ ዜጋ ነኝ። የባለቤቴን ወንድም ማስመጣት እችላለሁ?

መልስ፦ በአንተ ስም አይሆንም፣ የሚፈቀደው ለራስ ወንድምና እህት ነው። ባለቤትህ ዜጋ ከሆነች እሷ ታመልክት። ሌላውን ጠበቃ ጠይቅ።

ጥያቄ፦ ሲበዛስ?

መልስ፦ «ማዘርስ ኢን ሎው»። የብዙ ምልክቱ እናት ላይ ነው፣ ሕግ ላይ አይደለም።

ጥያቄ፦ ልዩነታቸውን በአጭሩ ቢነግሩን?

መልስ፦ ከላይ ጽፌዋለሁ። አንብቡት እንጂ! «ኢን» እና «አውት» አታቀያይሩ ብያለሁ።